ፋንጂዮ በ40 ዓመቱ እንዴት ሻምፒዮን ሆነ? ለአንድ የደሴ ሾፌር የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው የ27 ዓመት ወጣት ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ጋራዥ በረዳትነት ሠርቶ አሁን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። የላከው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ከጋራዥ ተነሥቶ በ40 ዓመቱ የመኪና ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ አምስት ጊዜም ዘውዱን ወሰደ ይባላል። ይህ እንዴት ተቻለው? ድፍረቱ ነው ወይስ መኪናው? እኔም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በስንት ደቂቃ እንደምወጣው በስልኬ እየለካሁ ራሴን አሠለጥናለሁ፤ ዕድሜዬ አልፎብኛል ወይ? ደግሞስ በመጨረሻው ውድድሩ ላይ ሊያልፈው የደረሰ ተወዳዳሪ ለክብሩ ሲል ፍሬን ያዘ የሚባለው እውነት ነውን?»

ወንድሜ፣ በቅንነት ስለጠየቅህ በቅንነት እመልስልሃለሁ፤ ከመልሴ አንዳንዱ ላያስደስትህ ይችላል። እኔ በወጣትነቴ የፊያት ጭነት መኪና ረዳት ሆኜ የአሰብን መንገድ ተመላልሼበታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮምቦልቻ ውስጥ የአውቶ መካኒክ ሙያ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ የምነግርህ አንድ መካኒክ ሌላውን መካኒክ በሚያይበት ዓይን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዳቸው።

ፋንጂዮ የተወለደው ሰኔ 24 ቀን 1911 ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ በምትገኘው ባልካርሴ በምትባል፣ ድንች አብቃይ በሆነች ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከጣልያን አገር ተሰደው የመጡ ድሆች ነበሩ። ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ ገባ፤ መጥረግና ዕቃ ማቀበል፣ ቀጥሎ መፍታት፣ ቀጥሎ መግጠም እያለ ሙያውን ከታች ወደ ላይ ተማረው። እግር ኳስ ሲጫወት እግሮቹ ወልገድ ያሉ ስለነበሩ ጓደኞቹ «ወልጋዳው» የሚል ቅጽል አወጡለት፤ ቅጽሉም እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ። እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣና፣ እኛ በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ እያልን የምንጠራቸው ቃላት ፋንጂዮ ከአባቱ ቤት የሰማው ቋንቋ ቃላት ናቸው። ለእሱ ከስደተኛ ወላጆቹ ጋር የመጡ ናቸው፤ ለእኛ ደግሞ ከወራሪው ጦርና መንገድ ሥራውን ከሚያካሂዱት ጭነት መኪኖች ጋር።

የመጀመሪያ ውድድሩን ያደረገው በጥቅምት 1936 ነው፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ደሴ በጣልያን ጦር እጅ ወድቃ ነበር። ዕድሜው 25 ሲሆን የነዳው መኪና ታክሲ የነበረ አሮጌ ፎርድ ነው። ስሙንም ቀይሮ ነበር የተመዘገበው። አላሸነፈም፤ መኪናውም እስከ መጨረሻው አላደረሰውም። እንግዲህ አንተ በ27 ዓመትህ ዘገየሁ ስትል፣ እሱ በዚያ ዕድሜው ማንም የማያውቀው፣ ቀን ቀን የሰው መኪና እየጠገነ ማታ ማታ የራሱን የሚያሰናዳ የገጠር ከተማ ሰው እንደነበረ ልብ በል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ደህና መኪና ሊይዝ የቻለው የከተማው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ስለረዱት ነው። እኛ ዘንድ ዕድር ወይም ጅጌ የምንለው ዓይነት መረዳዳት እዚያም አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ስለ ፋንጂዮ ሲያወራ ከ1950 ይጀምራል፤ እኔ ግን ሰውየው የተሠራው በ1940 ነው ባይ ነኝ። በዚያ ዓመት «ታላቁ የሰሜን ውድድር» በተባለው ጉዞ ከቦነስ አይረስ ተነሥቶ በቦሊቪያ በኩል አድርጎ ፔሩ ሊማ ደርሶ ተመለሰ። ርዝመቱ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። መንገዱ አብዛኛው አፈርና ኮረኮንች፣ ከፊሉም ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ የአንዲስ ተራራ ላይ የሚሄድ ነበር። የሚሰበረውን የሚጠግኑት ሾፌሩና አብሮት የተቀመጠው ረዳቱ ራሳቸው ናቸው፤ የጥገናውም ሰዓት ከውድድሩ ሰዓት ይቆጠራል። ፋንጂዮ በሸቭሮሌ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት የአርጀንቲና የመንገድ ውድድር ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለወሎ ሾፌር ማስረዳት አያስቸግርም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ትጨምራለህ፤ ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ ታች የነበረው ጉልበት ላይ ሲደርስ እንደሚደክም ታውቃለህ። ምክንያቱ አየሩ መሳሳቱ ነው። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ካርቡራተሩ ግን አየሩ ቢሳሳም የለመደውን ያህል ነዳጅ መስጠቱን ስለማይተው ውህዱ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። በ4,000 ሜትር ላይ ሞተሩ በባሕር ወለል ላይ ከነበረው ጉልበት ከሲሶ በላይ አጥቷል ማለት ነው። ውሃውም ከ100 ዲግሪ በታች ሆኖ ስለሚፈላ ራዲያተር ቶሎ ይጮኻል። እንግዲህ በዚያ ሁኔታ ነዳጁን የሚያቀጥን፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም የቱ ክፍል እንደሚለምነው ለይቶ የሚሰማ፣ ባሌስትራው ከመሰበሩ በፊት ድምፁን የሚያውቅ ሰው፣ ከእሱ ይልቅ ደፋር የሆነውን ሰው በሦስተኛው ቀን ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ያገኘዋል። ፋንጂዮ በእነዚያ ዓመታት የተማረው መኪና የሚችለውን መጠን ማወቅና ከዚያ መጠን አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቀኑን ሙሉ መንዳት ነው።

የራሴን አንድ ስህተት ልጨምርልህ። ረዳት ሳለሁ ሾፌራችን ታሞ እኔ ጭነት የያዘ ፊያት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ላወርድ ተነሣሁ። ሐረጎ ላይ ቁልቁለቱን ከባድ ማርሽ አስገብቼ በሞተር ጉልበት ይዤ መውረድ ሲገባኝ፣ እግሬን ከፍሬን ላይ ሳላነሣ በቀላል ማርሽ ለቀቅሁት። አጋማሹ ላይ ስደርስ ሸራው ነድዶ ይሸታል፣ ታምቡሩ ግሏል፣ ፔዳሉም እግሬ ሥር እንደ ጥጥ ልስልስ ብሏል። ኩርባው ላይ ካለው የአፈር ክምር ጋር አጋጭቼው አቆምሁት፤ አብሮኝ የነበረው ልጅ ዘልሎ ወርዶ ታኮ ባያስገባ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር። የመኪናው ባለቤት ምን እንዳለኝ መናገር አያስፈልግም። ያን ቀን ፍጥነትን አላጣሁም፤ ያጣሁት የፋንጂዮን ዕውቀት ነው።

ከ1942 እስከ 1946 ድረስ በጦርነቱ ሳቢያ ነዳጅና ጎማ ስለጠፋ አርጀንቲና ውስጥ ውድድር አልነበረም ማለት ይቻላል። ለሌላ ሾፌር ከ31 እስከ 35 ዓመት ያለው ዕድሜ ወርቃማው ጊዜ ነው፤ ለእሱ ባዶ አለፈ። ከዚያ ተነሥቶ ሲመለስ ደግሞ ከሁሉ የከፋው መጣ። በ1948 ከቦነስ አይረስ ወደ ካራካስ በሚደረገው ረጅም የመንገድ ውድድር ላይ፣ ፔሩ ውስጥ በሌሊት መኪናው ተገልብጦ ረዳቱና ወዳጁ ዳንኤል ኡሩቲያ ሞተ። ፋንጂዮ 37 ዓመቱ ነበር፤ ውድድርን ለመተው አስቦም ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን የአርጀንቲና መኪና ክበብና መንግሥት ደግፈውት ወደ አውሮፓ ተሻገረና በአንድ የውድድር ዘመን ስድስት ጊዜ አንደኛ ወጣ። አውሮፓውያኑ አዲስ ሰው የመጣ መስሏቸው ተደነቁ፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ከብዙዎቻቸው ይልቅ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በክፉ መንገድ ላይ ያሳለፈ አሮጌ ሠራተኛ ነበር።

የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ሲጀመር አልፋ ሮሜዮ ቀጠረው። በዚያ ዓመት ዘውዱን የወሰደው የቡድን ጓደኛው ጁዜፔ ፋሪና ነው፤ 30 ነጥብ ለ27። ከዚያ ዓመት ግን አንዲት ነገር ልንገርህ፤ ለእኔ ከአምስቱ ዘውዶች ትበልጣለች። በሞናኮ በመጀመሪያው ዙር ከባሕሩ ዳር ባለችው ኩርባ ላይ ማዕበል የረጨው ውሃ መንገዱን አርሶት ነበርና ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ እርስ በርሳቸው ተላተሙ። ፋንጂዮ ከፊት ስለነበረ አላየም። ዙሩን ጨርሶ በፍጥነት ወደዚያች ኩርባ ሲመለስ ግን አንድ ነገር ደነቀው፦ ተመልካቹ እሱን አያይም። መሪ ሆኖ ሲመጣ ፊቶች ወደ እሱ መዞር ሲገባቸው የሚታየው የሰው ማጅራት ነው። ሁሉም ወደ ፊት፣ ገና እሱ ወደማያየው ቦታ ይመለከታሉ። ወዲያው ፍሬን ያዘ፤ ኩርባውን ሲዞር መንገዱ በተሰባበረ መኪና ተዘግቷል። ቀስ ብሎ በመካከሉ አለፈና ውድድሩን አሸነፈ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ የሰውን ፊት ማንበብ ነው። ገበያ በሚውልባቸው ቀናት በገጠር ከተሞች መካከል የሚያልፍ ሾፌር ከፊቱ ያለው ሕዝብ ወዴት እንደሚያይ ቢመለከት ስንት ሕፃንና ስንት አህያ ይተርፍ ነበር።

በ1951 በ40 ዓመቱ የመጀመሪያውን ዘውድ ደፋ። መኪናው አልፋ ሮሜዮ 159 ነው፤ ሞተሩ 1.5 ሊትር ብቻ ቢሆንም አየርን በኃይል የሚያስገባ መንፊያ ስላለው 400 የፈረስ ጉልበት ያልፋል። ነዳጅ አጠጣጡ ግን ለጉድ ነበር፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ150 ሊትር አያንስም። ያንተ ሚኒባስ ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ከሚፈጀው ይበልጣል። የመጨረሻው ውድድር ስፔን ውስጥ ሲካሄድ ፌራሪዎቹ ከለመዱት ያነሰ የኋላ ጎማ መረጡ፤ ጎማው እየተላጠ በየጊዜው እያቆማቸው ዘውዱ ከእጃቸው ወጣ። የአልፋ ሰዎች የመረጡት ጎማ ትክክለኛ ነበር። አየህ፣ የዓለም ሻምፒዮንነት አንዳንዴ የሚወሰነው በጎሚስታው በር ላይ ነው።

ደካማ ቀኑንም ልንገርህ፤ ምክንያቱም አንተን ከሁሉ የሚመለከትህ እሱ ይመስለኛል። በሰኔ 1952 ቅዳሜ ዕለት ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ተወዳደረ፤ እሑድ ደግሞ ጣልያን ሞንዛ ላይ ሊወዳደር ቃል ገብቷል። አውሮፕላን ስላመለጠው ፓሪስ ድረስ በሌላ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በአየሩ መበላሸት በረራ ስላልነበረ መኪና ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ተራራውን አቋርጦ ነዳ፤ ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሞንዛ ደረሰ። ልምምድ አላደረገም፤ ከኋላ ተነሣ። በሁለተኛው ዙር መኪናው ከእጁ ወጣ፤ እሱም ከመኪናው ተወርውሮ አንገቱ ተሰበረ። በሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ የዓመቱ ቀሪ ውድድሮች ሁሉ አመለጡት። ያን ያህል ጥበበኛ ሰው፣ መንገድ አጥቶ ሳይሆን እንቅልፍ አጥቶ ነው የተሸነፈው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተህ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት የምትመላለስ ከሆነ፣ ያንተ ሞንዛ በየቀኑ ከፊትህ አለ።

«ሰውየው ነው ወይስ መኪናው?» ለሚለው ጥያቄህ መልሱ ሁለቱም ነው ብዬ ልሸሽ አልፈልግም። ፋንጂዮ ደካማ መኪና ይዞ ተአምር የሠራ ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ የተሻለውን መኪና የት እንደሚያገኝ የሚያውቅ ሰው ነበር። አምስቱን ዘውዶች ያገኘው በአራት ድርጅቶች መኪና ነው፦ በ1951 በአልፋ ሮሜዮ፣ በ1954 በማሴራቲ ጀምሮ በመርሴዲስ፣ በ1955 በመርሴዲስ፣ በ1956 በፌራሪ፣ በ1957 እንደገና በማሴራቲ። የ1954ቱ መርሴዲስ ነዳጅን በፓምፕ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ፣ በዘመኑ ከሁሉ የላቀ ማሽን ነበር፤ በመጀመሪያ ቀኑ አንደኛና ሁለተኛ ወጣ። ይህን አይቶ አንዳንዱ «በእንዲህ ያለ መኪና ማንስ ቢሆን» ይላል። ነገር ግን በ1955 መጀመሪያ ቦነስ አይረስ ላይ ሙቀቱ ሰው የሚጥል ሆኖ ሾፌሮቹ እየተንገዳገዱ መኪናቸውን ለሌላ ሲያስረክቡ፣ ያን የሦስት ሰዓት ውድድር መሪያቸውን ለማንም ሳይሰጡ የጨረሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አሸናፊው የ43 ዓመቱ ፋንጂዮ ነበር። መርሴዲስ ለሌሎችም መኪና ሰጥቷል፤ ሰውነት ግን አይሰጥም።

ዕድልም ነበረው፤ ይህን መካድ ታሪኩን ማሳመር ይሆናል። በ1956 ሞንዛ ላይ የእሱ ፌራሪ ተበላሽቶ ዘውዱ ሊያመልጠው ሲል፣ የ24 ዓመቱ እንግሊዛዊ ፒተር ኮሊንስ፣ ራሱ ሻምፒዮን የመሆን ተስፋ እያለው፣ ቆሞ መኪናውን ሰጠው። ያን ጊዜ ሕጉ መኪና መቀባበልን ይፈቅድ ነበር። ልጁ ገና ብዙ ዓመት አለኝ ብሎ ነው ያደረገው፤ የኮሊንስን ፍጻሜ ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

ሥራውን ሁሉ በአንድ ቀን ማየት የፈለገ ሰው ነሐሴ 4 ቀን 1957ን ይመልከት። ቦታው ጀርመን ውስጥ ኑርበርግሪንግ የሚባል፣ በጫካና በኮረብታ መካከል የሚጠማዘዝ፣ አንዱ ዙር ብቻ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ነው። ከጃማ ወይም ከደላንታ መንገድ ቁልቁለቱን፣ ኩርባውንና ጉብታውን ወስደህ አስፋልት አልብሰው፤ እሱን ይመስላል። ውድድሩ 22 ዙር ነው። የፌራሪ ሾፌሮች ማይክ ሆቶርንና ያው ኮሊንስ ታንካቸውን ሞልተው፣ ጠንካራ ጎማ አድርገው ሳይቆሙ ሊጨርሱ ወሰኑ። የ46 ዓመቱ ፋንጂዮ ግን ግማሽ ታንክ ነዳጅና ለስላሳ ጎማ መረጠ። ሒሳቡ ይህ ነው፦ መኪናው ስለሚቀልል በፍሬንና በኩርባ ያተርፋል፤ ለስላሳው ጎማ መንገዱን ይነክሳል፤ ያተረፈው ጊዜ ግማሽ ላይ ቆሞ ነዳጅና ጎማ ለሚቀይርበት ይበቃዋል። እስከ 12ኛው ዙር ድረስ 30 ሰከንድ ያህል ቀደማቸው። ጥገናው ግን ተዘበራረቀና፣ ሲወጣ ከኋላቸው ከ45 ሰከንድ በላይ ቀርቷል።

መጀመሪያ አልቸኮለም፤ አዲሱ ጎማ እስኪሟሽ ድረስ ዝግ ብሎ ነዳ። የፌራሪ ሰዎች ይህን አይተው ለሾፌሮቻቸው አደጋ የለም የሚል ምልክት ሰጡ። ከዚያ በኋላ ነው የተነሣው። የመንገዱን ክብረ ወሰን ከዙር ዙር እየሰበረ፣ በ20ኛው ዙር 9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ገባ፤ ለመነሻ ቦታ በተደረገው ፈተና ሁሉንም ቀድሞ የገባበት ሰዓት ራሱ 9 ደቂቃ ከ25.6 ነበር። በብዙ ኩርባዎች ላይ ከልማዱ አንድ ማርሽ ቀለል አድርጎ እንደገባ በኋላ ተናግሯል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስብ፦ በቀላል ማርሽ ሲገባ ሞተሩ የኋላ ጎማውን ስለማያስጨንቀው አራቱም ጎማ በእኩል እየተንሸራተተ መኪናው ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ሾፌሩም ከመሪው ይልቅ በቤንዚን ፔዳሉ ይመራዋል። ነገር ግን ፍጥነቱ ከመጠን ካለፈ በማርሽ የሚይዘው ነገር የለም፤ ከፊቱ ዛፍ ነው። በ21ኛው ዙር ኮሊንስን ከዚያም ሆቶርንን አለፋቸው፤ በ3.6 ሰከንድ ቀደመ። አምስተኛው ዘውድ በዚያ ተረጋገጠ፤ በፎርሙላ 1 ያሸነፈበት 24ኛውና የመጨረሻው ውድድርም ያ ሆነ። ውድድሩን የጀመረባቸው ጊዜያት 51 ሲሆኑ 24ቱን አሸነፈ፤ ይህ ማለት ከሁለት አንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አምስት ዘውድን የበለጠ ሰው እስኪመጣ ድረስ ዓለም እስከ ማይክል ሹማከር ዘመን፣ እስከ 2003 ጠበቀ።

ፋንጂዮ ራሱ ስለዚያ ቀን ሲናገር ከዚያ በፊት እንዲያ ነድቶ እንደማያውቅ፣ ከዚያም በኋላ ሊደግመው እንደማይፈልግ ነው ያስረዳው። ይህን ልብ በል ወንድሜ። ሃያ ዓመት ገደማ ከመጠኑ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ የተወዳደረ ሰው፣ መጠኑ ላይ የደረሰው አንድ ቀን ነው። ድፍረቱን እንደ ሰርግ ልብስ አስቀምጦ ለአንድ ቀን አወጣው፤ አንተ በየጠዋቱ ሥራ ልብስ ልታደርገው ነው።

ዕድሜህን በሚመለከት፦ የፎርሙላ 1 በር ተዘግቶብሃል፤ ይህን ሸፋፍኜ ልነግርህ አልችልም። በፋንጂዮ ዘመን ሾፌር ከጋራዥ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ሉዊስ ሃሚልተን በ8 ዓመቱ በትንሿ የካርት መኪና የጀመረበት፣ ማክስ ቨርስታፐን በ17 ዓመቱ ፎርሙላ 1 የገባበት ዘመን ነው፤ ወጪውም አንድ ቤተሰብ ቤት ንብረቱን ሸጦ የማይወጣው ነው። የመንገድና የበረሃ ውድድር ግን ሌላ ዓለም ነው። ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ዘግይቶ ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ የራሊ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2022 ሞንቴ ካርሎን ሲያሸንፍ 47 ዓመቱ ነበር። ስፔናዊው ካርሎስ ሳይንዝ የዳካርን ውድድር በ2024 ሲወስድ 61 ሞልቶት ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም የሳፋሪ ራሊን ከ2021 ጀምሮ ወደ ዓለም ሻምፒዮናው መልሳዋለች። እዚያ በመካኒክነትም ቢሆን መግባት ከፈለግህ፣ በእጅህ ያለው የጋራዥ ሙያ ከሐረጎ ሰዓትህ ይልቅ ይጠቅምሃል። ስለዚህ በዕድሜህስ አብሽር፤ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው።

የሐረጎን ሰዓት መለካትህን ተው። ፋንጂዮ የሚወዳደርበት መንገድ ለዚያ ቀን የተዘጋለት ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው ረዳትም ወድዶ የገባ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ኡሩቲያን ቀብሯል። ከኋላህ የተቀመጡት እናቶች የገቡት ሰኞ ገበያ ለመድረስ ነው፤ ውድድር መኖሩን አልነገርሃቸውም። መለካት ካማረህ ሌላ የሚለካ ነገር ልስጥህ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ ፍሬን ስንት ጊዜ እንደነካህ ቁጠር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩን በግማሽ ቀንስ፤ ሰዓቱም ብዙ ሳይለወጥ። ያ ከተሳካልህ ኩርባውን ከመድረስህ በፊት ማንበብ ጀምረሃል፤ የፍሬን ሸራህም ዕድሜ ይጨምራል። ባለመኪናው ደግሞ ይመርቅሃል።

የመጨረሻው ጥያቄህ መልስ አዎ፣ እውነት ነው የሚል ነው። በየካቲት 1958 ፋንጂዮ ለውድድር ሀቫና ሄዶ ሳለ የፊደል ካስትሮ አማፅያን ከሆቴሉ ጠልፈው ወስደውት፣ በክብር ይዘው ውድድሩ ካለፈ በኋላ ለቀውታል። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተወዳደረም። ሐምሌ 6 ቀን ፈረንሳይ ሬምስ ላይ በማሴራቲ ተነሣ፤ የፍሪሲዮኑ ፔዳል መንገድ ላይ ተሰብሮበት የሞተሩን ዙር በጆሮው እየለካ ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ እየቀያየረ አራተኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ጣልያናዊው ሉዊጂ ሙሶ ሞቷል። ሲመራ የነበረው ሆቶርን ነው፤ በመጨረሻው ላይ ፋንጂዮን በአንድ ሙሉ ዙር ሊደርብበት ከጀርባው ደርሶ ነበር። የኑርበርግሪንጉን ሰው እንዲህ አድርጎ ማለፍ አልሆነለትምና ፍሬን ይዞ ከኋላው ቀረ። ፋንጂዮ ከመኪናው ወርዶ ለመካኒኩ ማለቁን ነገረው፤ ወደ ባልካርሴም ተመልሶ በ84 ዓመቱ በ1995 እስኪሞት ኖረ። መኪናውን የሰጠው ኮሊንስ ከሬምስ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው በዚያው ኑርበርግሪንግ ላይ ሞተ። ሆቶርን በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነና ውድድርን አቆመ፤ ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥር 1959፣ እንግሊዝ አገር ሰው ሁሉ በሚሄድበት ተራ አስፋልት ላይ፣ ዝናብ ባረጠበው መንገድ ከአንድ መርሴዲስ ጋር ሲሽቀዳደም ተገልብጦ ሞተ፤ ዕድሜው 29 ነበር።